ሁለት ድንበር ከሚስቴ ሞተር ጋር

ሰኞ፣ ግንቦት 4

ይህን ደብተር የገዛሁት የእንጨት ልክ ልጽፍበት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ገጾች ላይ የአንድ ባለ ሁለት በር ቁም ሳጥን ቁመትና ወርድ አለ። ከዚህ በኋላ ያለው የግል ጉዳይ ስለሆነ፣ ቁም ሳጥን ፈልጎ የገለጠው ሰው እዚህ ላይ ቢያቆም ደስ ይለኛል።

ዛሬ ከሚስቴ መልእክት ደረሰኝ። ከሄደች ዘጠኝ ወሯ ነው። ከእኛ ሁለት ድንበር ማዶ፣ አንድ ክሊኒክ ውስጥ በአዋላጅነት ተቀጥራለች። እንዲህ ትላለች፦ «ሞተር ሳይክሌን በቫንህ ጭነህ ብታደርስልኝ። እዚህ ወላዶቹ ቤት የምሄደው በእግሬ ነው፣ አልቻልኩም። ሁለተኛው ድንበር ላይ የክሊኒኩ ሹፌር መጥቶ ይረከብሃል። የነዳጁን እኔ እከፍላለሁ።»

ሰላምታ የለ፣ እንዴት ነህ የለ። የውሃ ቢል እንኳ የሚጀምረው «ውድ ደንበኛችን» ብሎ ነው።

ሹፌሩ ይረከበኛል። ማለትም እሷ አትመጣም። ደግ፤ እኔም ትምጣ አላልኩም። «እሺ» ብዬ መለስኩላት። ማሳጠር እኔም እችልበታለሁ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ሰፈሩ ሚስቴን እኔ ያባረርኳት ይመስለዋል። እውነቱ እዚህ ተጽፎ ይቀመጥ፦ አላባረርኳትም። ሥራ አገኘሁ ብላ ስትነግረኝ፣ እናቷ ፊት፣ «ማን ያዘሽ?» ነው ያልኳት። ይህ ጥያቄ ነው። «አንተ» ብላ ብትመልስ ኖሮ ነገሩ እዚያው ያልቅ ነበር። እሷ ግን ሻንጣ አወጣች። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይሉታል፤ አፋፉ ላይ ዘጠኝ ወር እንደሚቆም ግን የነገረኝ የለም።

እናቷ አልሄዱም። ሌላው ሰው ሚስቱን ይዞ ከአማቱ ይገላገላል፣ እኔ ከሚስቴ ተለይቼ ከአማቴ ጋር ቀረሁ። ስለ ሞተሯ ስነግራቸው ልብስ እያጠፉ ነበር።

«መቼ ትወስድላታለህ?»

«ሥራ አለብኝ እማማ። ቁም ሳጥኑን ሳልጨርስ የት እሄዳለሁ?»

«ቁም ሳጥን ምጥ አይዘውም። ቆይ ቢሉት ይቆያል።»

የአዋላጅ እናት አይደሉ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 9

ሞተሯን ከወርክሾፑ ጥግ አወጣኋት። ሸራ ለብሳ ነው የቆየችው። ዘጠኝ ወር ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት አሥር አሥር ደቂቃ አስነሥቻታለሁ፤ ባትሪው እንዳይሞት ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ቀኝ እጀታዋ ላይ ጨርቅ ተጠምጥሟል። ለብርድ ብላ ሚስቴ የጠመጠመችው ነው። አልነካሁትም፤ መፍታት ጊዜ ይፈጃል።

ወርክሾፑን የሚጋራኝ ቀለም ቀቢ ከግድግዳው ማዶ ለአንድ ደንበኛ ሲያወራ ሰማሁት። «ሴት ዕቃዋን ትታ ከሄደች ትመለሳለች። ሞተሯን ካስመጣች ግን ቤቱን ዘጋችው ማለት ነው። ይሄ ደግሞ ራሱ ሊያደርስላት ነው።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእኔው ግን ግድግዳም አያግደው። ልብሷንማ ቀድማ ወስዳለች። ጫማዋን፣ መጻሕፍቷን፣ ማበጠሪያዋን ሳይቀር። ከእሷ ነገር እዚህ ቤት የቀረችው ይህች ሞተር ብቻ ናት። ይህን ልነግረው ፈልጌ ነበር፤ የወሬውን ጣዕም እንዳላበላሽበት ተውኩት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 12

ታንከሯ ተላልጧል፣ ሻንሲዋም ዝገት ጀምሮታል። የተላለጠ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ ስለማያውቅ ልቀባት ወስኛለሁ። ይህ የሙያ ክብር ነው።

ቀለም ቀቢው ሳይጠየቅ መከረኝ። «መሪዋ ሥር፣ አንገቷ ላይ የተቀረጸውን የሻንሲ ቁጥር በፕላስተር ሸፍነው። ቀለም ከገባበት አይነበብም። ያልተነበበ ቁጥር ጉምሩክ ፊት የሌባ ነው።»

«አንተ ልታስተምረኝ ነው? ሃያ ሁለት ዓመት የቁም ሳጥን በር ማጠፊያ እየሸፈንኩ የቀባሁ ሰው ነኝ።»

«እኔ ነግሬሃለሁ» ብሎ ሄደ።

እሑድ፣ ግንቦት 17

ሁለት እጅ ሰማያዊ፣ የድሮውን ሰማያዊ። መብራቶቿን፣ ታርጋዋን፣ መስታወቶቿን፣ ጎማዎቿን፣ የእጀታውን ጨርቅ ሳይቀር በጋዜጣና በፕላስተር ሸፍኜ ነው የቀባኋት። አማቴ መጥተው ዙሪያዋን ተመለከቷት። «ሙሽራ አስመሰልካት» አሉ።

ቀለሙ በደንብ እስኪደርቅ አራት ቀን ይፈልጋል። እስከዚያ መሄድ አይቻልም፤ ምን ይደረግ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 21

እሷ፦ «መቼ ነው?» እኔ፦ «ሐሙስ።» እሷ፦ «ዛሬ ሐሙስ ነው።» እኔ፦ «የሚቀጥለው።»

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

ዝናብ።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

የመውጫ ፈቃድ ሊሰጠኝ የሚገባው ቢሮ ሄድኩ። ሞተሯ በእኔ ስም ስላልሆነች ውክልና ያስፈልጋል ተባልኩ። ለሚስቴ ጻፍኩላት፤ በማግስቱ ይመጣል ብዬ ስጠብቅ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማኅተም ያለው ወረቀት በስልክ ላከችልኝ። ሰው ሲቸኩል ያስታውቃል።

«ለባለቤቴ ሙሉ ውክልና ሰጥቻለሁ» ይላል። ባለቤቴ። ዘጠኝ ወር ውስጥ ስለ እኔ የጻፈችው ረጅሙ ጽሑፍ ይህ ነው። መቼም ያረቀቀው የውል ጸሐፊው ነው፣ እነሱ ሁሉንም እንዲህ ነው የሚጽፉት። ሁለት ቅጂ ታዟል፤ እኔ አራት አሳተምኩ። ወረቀት ይጠፋል።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የቫኑ ፍሬን ተበላሸ። የእውነት ነው፣ ደረሰኝ አለኝ። እሷ፦ «ስንተኛው ሐሙስ ነው?»

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

የመጫን ልምምድ አደረግሁ። ከጠንካራ ጣውላ መወጣጫ ሠራሁ፣ ለፊት ጎማዋ ደግሞ መሃሉ የተቦረቦረ ታኮ። ገፍቼ አስገባኋት፣ መሪዋን ግራና ቀኝ በቀበቶ ጠፍሬ አሰርኩና ሰፈሩን ልዞር ወጣሁ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ከኋላዬ ድም አለ። ቀበቶው ላልቶ፣ ሞተሯ የቫኑ ግድግዳ ላይ ተጋድማለች። የፊት ሞላዋ ጉድጓዱ ላይ ወደ ታች ሲወርድ ቀበቶው የሚይዘው አጥቷል። አንድ መስታወት ተሰብሯል።

ቫኑ ውስጥ ተንበርክኬ ስብርባሪውን እየለቀምኩ «ይቅርታ» አልኩ። ማንም አልነበረም። ለጎማው ይሆናል።

መፍትሔው ቀላል ሆኖ ተገኘ፦ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መሃል አንድ ጉማጅ እንጨት መወተፍ። ክብደቱን እንጨቱ ይሸከማል፣ ሞላው ያርፋል፣ ቀበቶው አይላላም። ጉማጁን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሼ ዘይት ቀባሁት። ማንም የማያየውን እንጨት ዘይት መቀባት ሥራ የፈታ ሰው ሥራ ነው። ቁም ሳጥን ያዘዘኝ ሰውዬ ግን ዛሬም ሦስት ጊዜ ደውሏል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

አማቴ ጓዳ ሆነው በስልክ ሲያወሩ ሰማሁ። ከልጃቸው ጋር ነው። የሚሰማኝ የእሳቸው ወገን ብቻ ነው።

«ይለፋባታል... አዎ፣ ቀለም ሁሉ ቀብቶ... እኔ ምን አውቄ፣ አይናገር... ኧረ አይጠጣም... ትንሽ ከስቷል... ማታ ማታ ይጽፋል። የቁም ሳጥን ልክ ነው ይላል።» ከዚያ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው አዳመጡ። ከዚያ፦ «እሱን ራስሽ ጠይቂው።»

የጠየቀኝ የለም። ስልኩን እስክተኛ አጠገቤ አስቀመጥኩት፤ ደንበኛ ሊደውል ይችላል ብዬ።

እራት ላይ አብረውኝ እንደሚሄዱ አስታወቁኝ። ሻንጣቸው ከአልጋቸው ሥር ታስሮ ተቀምጧል።

«መቼ አሰሩት?»

«በሄደች ማግስት።»

«ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ምን ሲጠብቁ ነው?»

«አንተን» አሉኝና ሳህኑን አነሡ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ቁም ሳጥኑን አስረከብኩ። የግራው በር ሲዘጋ የጣት ያህል ክፍተት ይተዋል። ሃያ ሁለት ዓመት በሩ ያልገጠመ ቁም ሳጥን አስረክቤ አላውቅም። ሰውየው «ሐሳብህ ሌላ ቦታ ነበር መሰለኝ» አለኝ። እንጨቱ ረጥቦ ነው አልኩት። ያ እንጨት ሁለት ዓመት ተኩል የደረቀ ነው።

ሐሙስ፣ ሰኔ 19፣ አንደኛው ድንበር

ስድስት ሰዓት ላይ ደረስን። ወረፋ። ከፊታችን አሥራ አራት የጭነት መኪና። ሙቀት። አማቴ ወንበሩ ጠበበኝ ይላሉ፤ ወንበሩ ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፣ የተቀመጡበት ግን ብቻቸውን ነው።

ዘጠኝ ሰዓት። ፈታሹ የኋላውን በር ከፍቶ አሸተተ። «ነዳጅ አላት?»

አላት። ትናንት ሙሉ አድርጌላታለሁ። የክሊኒኩ ሹፌር ማደያ ፍለጋ እንዳይንከራተት ብዬ ነው። ለማላውቀው ሹፌር እንዲህ አዛኝ መሆኔን እኔም አላውቅም ነበር።

«ሰው ከተቀመጠባት ተሽከርካሪ ናት፤ ከተጫነች ግን ዕቃ ናት። ዕቃ ቤንዚን አይጠጣም። ይቅዱት።»

ቱቦ የለኝም። የቫኑን የመስታወት ውሃ ቱቦ ነቅዬ በአፌ ሳብኩት። አብዛኛው ጀሪካን ውስጥ ገባ፣ ጥቂቱ መሬት ላይ፣ ጥቂቱ ሸሚዜ ላይ፣ አንድ ጉንጭ ያህሉ እኔ ውስጥ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ ቤንዚን ግን አይለቀምም።

«የማን ናት?» አለ ፈታሹ፣ ውክልናውን ሳያነብ።

«የደንበኛ።»

አማቴ ከፊት ወንበር፣ አንገታቸውን እንኳ ሳያዞሩ፣ «የሚስቱ ናት» አሉ። «ይዋሻል።»

ፈታሹ አሁን ወረቀቱን አነበበ። ለምን እንደዋሸሁ ጠየቀኝ። ለምን እንደዋሸሁ ባውቅ ኖሮ ለእሱ ከመንገሬ በፊት ለራሴ እነግረው ነበር። ጉምሩክ ላይ የዋሸ ሰው ምን እንደሚደረግ አሁን አውቃለሁ፦ ቫኑ ተራገፈ፣ ወንበሩ ተነቀለ፣ የአማቴ ሻንጣ ተፈታ። ከእሳቸው ልብስ ሥር የእኔ ወፍራም ሹራብ ወጣ፣ ከወር በፊት ጠፍቶብኝ ስፈልገው የነበረው።

«ይሄ እዚህ ምን ይሠራል?» አልኳቸው።

«እዚያ ብርድ ነው ብላለች።»

እንግዲህ ሹራቤን ሊለብሱት ነው። ይሰፋቸዋል፤ የእሳቸው ጉዳይ ነው።

ለቫኑ የአምስት ቀን ማለፊያ ሰጡኝ፣ ሰኞ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ያበቃል። ከሁለተኛው ድንበር ወዲያ ቫኑ ፈቃድ የለውም። አያስፈልገውም፤ አስረክቤ መመለስ ነው።

ዓርብ፣ ሰኔ 20፣ መንገድ ላይ

ወንዙ ድልድዩን አልፎ ፈሷል። ከረፋዱ አራት ሰዓት ጀምሮ መኪናው ሁሉ ሞተር አጥፍቶ ተሰልፏል። ጊዜ ስላለኝ በሰፊው እጽፋለሁ። አማቴ ከፊት ይተኛሉ፣ እኔ ከኋላ ከሞተሯ ጎን ጀሪካኑ ላይ ተቀምጫለሁ። እኔና ሞተሯ ቤንዚን እንሸታለን።

ከማዋለድ የምትመለስባቸውን ሌሊቶች ሳስብ ነበር። የሞተሯ ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ ጀምሮ ይሰማኛል። ሁልጊዜ ነቅቼ ነው የምጠብቃት፣ በሩ ሲከፈት ግን ዓይኔን እጨፍናለሁ። ለምን እንደማደርገው አላውቅም። ጫማዋን አውልቃ በጣቶቿ እየተራመደች ትገባና «ዛሬ መንታ ነው» ትላለች፤ ወይም «ዛሬ ሴት፣ ሦስት ኪሎ ተኩል»። ለተኛ ሰው ነው የምታወራው። እኔም «መብራቱን አጥፊው» እላታለሁ። አሥራ አንድ ዓመት። ልጅ አልሰጠንም፤ የሰው ልጅ ስትቀበል አድራ ዜናውን ለእኔ ታመጣለች፣ እኔ ስለ መብራቱ አወራለሁ። አንድ ቀን «እንኳን ደስ ያለሽ» አላልኳትም። ያፍራል ሰው ይህን ሲጽፍ፤ እኔም አፍሬያለሁ።

ነቅቼ እንደነበር ብታውቅ ይሻል ነበር ወይስ ይብስ ነበር? ይብስ ነበር መሰለኝ።

ወደ ሰባት ሰዓት አማቴ ነቁ። ድልድዩን እያዩ ማውራት ጀመሩ።

«ያን ቀን ሻንጣውን ሦስቴ አሰረችው፣ ሦስቴ ፈታችው። አንተ ወርክሾፕ ሆነህ መጋዝ ታስጮሃለህ።»

«ትእዛዝ ነበረብኝ እማማ።»

«ነበረብህ እንዴ?»

«ታዲያ ያኔውኑ ለምን አልነገሩኝም?»

«ዝም አይነቅዝም ብዬ ነዋ። አሁን ሳየው ነቅዟል።»

ያን ቀን ትእዛዝ አልነበረብኝም። የማገዶ ቁርጥራጭ ነው ስቆርጥ የዋልኩት፣ የማይፈለግ። ቆራርጬ ስጨርስ ደግሞ ቁርጥራጩን እንደገና ቆረጥኩት።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 21፣ ሁለተኛው ድንበር

እዚህ ፈታሿ ሴት ናት፣ ቀጭን፣ የእጅ ባትሪ የያዘች። ሊብሬውን ይዛ ሞተሯ አንገት ላይ አጎነበሰች። በአውራ ጣቷ አሸችው። «ቁጥሩ የታለ?»

የለም። ሰማያዊ ብቻ ነው። እኔ ስለሠራሁት አይደለም፣ ልስልስ ያለ ሰማያዊ ነው።

«ማን ቀባው?»

«እኔ።»

«ሲቀቡት አይሸፍኑትም?»

«ረሳሁት።»

አማቴ አዩኝ። ስኳር በጎደለ ቁጥር እናቴ ታየኝ የነበረው አስተያየት ነው።

ሕጉ እንዲህ ነው፦ ቁጥሩ ካልተነበበ ውክልና አይሠራም። ባለንብረቷ ራሷ መታወቂያዋን ይዛ ትቀርባለች፣ ቀለሙም እሷ ባለችበት ይለቃል። የክሊኒኩ ሹፌር መጣ፣ ነገሩን ሰማ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ባዶ እጁን ተመለሰ። አማቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» አሉ። ወረቀቱን የያዘችው ፈታሿ ናት፤ ሞኙን አልጠቆሙም።

ጻፍኩላት፦ «ችግር አለ። ራስሽ መምጣት አለብሽ።» እሷ፦ «የምን ችግር?» እኔ፦ «ቀለም።» ከሁለት ሰዓት በኋላ፦ «ሰኞ ጠዋት።»

እሑድ፣ ሰኔ 22

ቢሮው ዝግ ነው። የሾፌሮች ማረፊያው ቧንቧ ላይ ሸሚዜን አጠብኩ። የቤንዚኑ ሽታ አልለቅ አለ፣ ደግሜ አጠብኩት። ባልተሰበረው የሞተሯ መስታወት ፂሜን ተላጨሁ። ሰው መንግሥት መሥሪያ ቤት ሲቀርብ ንጹሕ መሆን አለበት።

ምን እንደምላት እዚህ ገጽ ላይ አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ሰረዝኩ። አማቴ ከትከሻዬ ኋላ ቆመው «የቁም ሳጥን ልክ ነው?» አሉ።

«አዎ።»

«አልገጥም አለህ?»

ሰኞ፣ ሰኔ 23፣ ቀትር

ሦስት ሰዓት ላይ በክሊኒኩ መኪና መጣች። ፀጉሯን አሳጥራዋለች። እናቷን አቅፋ ብዙ ቆየች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «ደህና ነህ?» አለችኝ። «ደህና» አልኩ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የተዘጋጀሁት ለዚህ ነበር።

ፈታሿ ቲነርና ጨርቅ ሰጠችን። ሞተሯን ከቫኑ አውርደን ፊቷ ሥር ጎን ለጎን ቁጢጥ አልን። እሷ ከሊብሬው ላይ ቁጥሩን ትጠራለች፣ እኔ እፈትጋለሁ፣ ፈታሿ ከላይ በባትሪዋ ታያለች።

«ሰባት።»

ሰባት ወጣ።

«ዜሮ። ማጠፊያ ሳትሸፍን ቀብተህ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አራት። የእጀታዬን ጨርቅ ሸፍነሃል።»

«ጨርቅ ቀለም ከነካው አይለቅማ።»

«ቁጥሩን ግን ረሳኸው።»

ቲነሩ ዓይኔን አቃጠለኝ። «አልረሳሁትም» አልኳት። ይህን ለዚህ ደብተርም አልነገርኩትም ነበር። ፕላስተሩን በልኩ ቆርጬ ጣቴ ላይ ለጥፌው ቆሜ ነበር። መልሼ ላጥኩት። ቁጥሩ ከተነበበ ሹፌሩ ይረከበኛል፣ እኔም ወደ ቤቴ። ጉምሩክ እንደሚያስጠራት ቀለም ቀቢው ባይነግረኝም፣ መቼም ሞተሯን ዝም ብለው አያሳልፏትም ብዬ ነበር።

«ናፍቀሽኛል» አልኩ። ፈታሿ ባትሪዋን ወደ ሌላ አዞረች።

ሚስቴ ሊብሬውን ጉልበቷ ላይ አደረገችው። «ይህን ለማለት ሁለት ድንበር?»

«አንዱን ብቻ ነው የተሻገርኩት። ለሁለተኛው ቫኑ ወረቀት የለውም።»

«ቀልድህን ተወው።»

ተውኩት። ከባድ ነው። «ማታ ማታ ስትገቢ ነቅቼ ነበር» አልኳት። «ሁልጊዜ።»

«አውቃለሁ። የተኛ ሰው መብራቱን አጥፊው አይልም።» የመጨረሻውን ቁጥር በጥፍሯ ራሷ ጠረገችው። «ለዚያ ነው ስነግርህ የኖርኩት።»

ማኅተሙ ተመታ። ስልኳ ጮኸ፤ አንዲት ሴት ምጥ ጀምሯታል፣ መንገዱ ሩቅ ነው። ያዘጋጀሁትን ሁሉ ትቼ «ተመለሺ» አልኳት።

«አልመለስም» አለች። በቁጣ አይደለም። «እዚህ ሁለት አዋላጆች ብቻ ነን። ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቻለሁ። አንተን ማን ያዘህ?»

አሥር ወር ሙሉ አስቀምጣው መሆን አለበት። በቂም አላለችውም፤ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው ቆማ አየችኝ። እኔ ግን መልሱ ምላሴ ላይ እያለ ጀሪካኑን አንሥቼ ቤንዚኑን ታንከሯ ውስጥ መቅዳት ጀመርኩ። ጥቂት አፈሰስኩ።

«ካዋለድኩ በኋላ እመጣለሁ» አለች።

«ስንት ሰዓት? ፈቃዴ እስከ አሥራ ሁለት ነው።»

«ልጁን ጠይቀው።»

ሞተር ላይ ከምወጣ እግሬ ይቆረጥ ሲሉ የኖሩት አማቴ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ከኋላዋ ወጡ። «ሻንጣዬ ይቆይ» አሉኝ። «ስትመጣ ታመጣዋለህ።» ሞተሯ በመጀመሪያው ምት ተነሣች። ባትሪው አልሞተም።

ያው ሰኞ፣ ከምሽቱ አንድ ሰዓት

ፈቃዴ ካለቀ አንድ ሰዓት ሆነው። ቫኑ አጥሩ ሥር ቆሟል። ከመሸ ወዲህ በርዶ ስለነበር ሻንጣውን ከፍቼ ሹራቤን ለበስኩ።

ቁም ሳጥን ያዘዘኝ ሰውዬ ደውሎ ነበር፣ በሩን መቼ እንደማስተካክል ሊጠይቅ። ቀለም ቀቢውን እልክልሃለሁ አልኩት። «አንተስ?» አለ። እኔ ሌላ አገር ነኝ አልኩት።

አሁን ፈታሿ ቢሮዋን ቆልፋ ስትወጣ አየችኝ። መጥታ መስኮቱን አንኳኳች።

«አሁንም እዚህ ነዎት? ፈቃድዎ አልቋል እኮ።»

«አውቃለሁ።»

«መኪናው ተበላሽቶ ነው?»

«አልተበላሸም። ሚስቴን እየጠበቅሁ ነው።»

«መቼ ትመጣለች?»

«አላውቅም።»

ቅጣቱ በቀን ነው የሚታሰበው አለችኝ። የስንት ቀኑን አስቀድሞ መክፈል እንደሚቻል ጠየቅኋት።